ጠይቁ፣ እንመልሳለን፦ በአንድ ቦታ ላይ ስንት ቤት?

ጥያቄ፦ ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች አካባቢ 6,000 ስኩዌር ፊት ቦታ ላይ ያለ አሮጌ ቤት አለን። የዞኒንግ (በአንድ ቦታ ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል የሚወስነው) ሕጉ ከተለወጠ ወዲህ «ቤትዎን በካሽ እንግዛዎት» የሚል ደብዳቤ ይጎርፍልናል። እኛው ራሳችን ጓሮው ላይ መሥራት አንችልም?

መልስ፦ ትችላላችሁ፤ ደብዳቤው የበዛውም ለዚሁ ነው። የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ 75,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸው ከተሞች በአንድ የመኖሪያ ቦታ ላይ ቢያንስ 4 ቤት እንዲፈቅዱ ያስገድዳል። ቦታው ከባቡር ጣቢያ በእግር ሩብ ማይል ውስጥ ከሆነ 6 ይደርሳል። ሲያትልም በ2025 ደንቧን በዚሁ መሠረት አሻሽላለች።

ተፈቀደ ማለት ግን ቦታው ይበቃል ማለት አይደለም። ለአርክቴክት ከመክፈላችሁ በፊት የሚጣሩ ነገሮች አሉ። አንዱ ስፋት ነው። ሕንጻ የሚሸፍነው በመደበኛው ከቦታው ግማሹን፣ በእናንተ 3,000 ስኩዌር ፊት ነው። ያለው ቤትና ጋራዥ 1,700 ከያዙ ለአዲሱ የሚተርፈው 1,300 ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዛፍ። ግንዱ ከዳር እስከ ዳር 24 ኢንች እና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ዛፍ በከተማው ሕግ ጥበቃ አለው። ሥሩ የሚጠበቅበት ክልል ሲለካ ለእያንዳንዱ ኢንች አንድ ጫማ ይታሰባል፤ ባለ 30 ኢንች ዛፍ ከግንዱ በየአቅጣጫው 30 ጫማ ይይዛል ማለት ነው። ቦታው 50 ጫማ ስፋት ብቻ ካለው አንድ ዛፍ ጓሮውን ሊጨርሰው ይችላል። የጎረቤት ዛፍ ሥርም ይቆጠራል። ለግንባታ ሲባል መቁረጥ የሚፈቀድበት መንገድ አለ፤ ያለ ፐርሚት (የከተማው ፈቃድ) ግን መጋዝ እንዳታስነኩት።

ሰው የሚረሳውና ብዙ ገንዘብ የሚበላው የፍሳሽ መስመሩ ነው። ከቤቱ እስከ መንገዱ ዋና ቱቦ ያለው መስመር የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። በአሮጌ ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሸክላ ቱቦ ስለሆነ ሥር ይገባበታል፣ ይሰነጠቃል። አስቀድማችሁ በካሜራ አስፈትሹት። ቱቦው በየ100 ጫማው 2 ጫማ ያህል ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ጓሮው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነ ፍሳሹ በራሱ አይወርድም፤ ፓምፕ ያስፈልጋል፣ ወጪውም ከፍ ይላል።

ስለ ደብዳቤዎቹ፦ አትቸኩሉ። አንዳንዱ ውል በጥቂት መቶ ዶላር ቀብድ ቤቱን ለወራት ያስርባችሁና ገዢ ነኝ ብሎ የፈረመው ሰው ውሉን ለሌላ አትርፎ ያስተላልፈዋል። ቦታው ምን ያህል ቤት እንደሚይዝ ሳታውቁ ዋጋ መስማማት መብታችሁን በርካሽ መስጠት ነው። የራሳችሁ ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ።

ጥያቄ፦ ጓሮ የምሠራውን ቤት ለብቻው መሸጥ እችላለሁ? ታክሱስ?

መልስ፦ አዎ። በዚያው በ2023 የወጣ ሌላ የግዛቱ ሕግ ከተሞች የጓሮ ቤት እንደ ኮንዶ (ቦታው ሳይከፈል ለብቻው ባለቤት እንደሚኖረው ቤት) እንዳይሸጥ መከልከል እንደማይችሉ ይደነግጋል። መሰናክሉ ብዙ ጊዜ ባንኩ ነው፦ ሞርጌጁ (የቤት ብድሩ) መላውን ቦታ በመያዣነት ስለሚይዝ፣ ባንኩ የሚሸጠውን ክፍል ከመያዣው እንዲለቅ በጽሑፍ መስማማት አለበት። ይህን ግንባታው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ይጠይቁ።

የንብረት ታክሱ ይጨምራል። ነገር ግን የጓሮ ቤት ያመጣው ጭማሪ፣ ከዋናው ቤት ዋጋ እስከ 30 በመቶ የሚሆነው፣ ለ3 ዓመት ከታክስ ነጻ ሊሆን ይችላል። ማመልከቻው ሥራው ከማለቁ በፊት ለካውንቲው የንብረት ዋጋ ገማች ቢሮ መግባት አለበት። ብዙ ሰው ይህን ጥቅም የሚያጣው ቤቱ ካለቀ በኋላ ስለሚሄድ ነው።

ጥያቄ፦ ቤዝመንቴን (ከቤቱ ሥር ያለውን ወለል) ያለ ፐርሚት አከራያለሁ። ሕጋዊ ማድረግ ይከብዳል?

መልስ፦ ሜትር ይዘው ይጀምሩ። ጣሪያው 7 ጫማ ይሞላል? በየመኝታ ክፍሉ ሰው በእሳት ጊዜ የሚወጣበት መስኮት አለ? ሲከፈት ቁመቱ ቢያንስ 24፣ ወርዱ 20 ኢንች፣ ጠቅላላ ክፍተቱ በቤዝመንት ቢያንስ 5 ስኩዌር ፊት መሆን አለበት። ሁለቱ ትንሹ ልኮች ተባዝተው 5 ስኩዌር ፊት ስለማይሞሉ አንዱን ማስፋት ግድ ነው፤ ብዙ መስኮት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የመስኮቱ ደፍም ከወለሉ ከ44 ኢንች በላይ ከፍ ማለት የለበትም። መስኮቱ የማይበቃ ከሆነ ፐርሚቱን ሳይጠብቁ ያንን ክፍል ለመኝታ ማከራየት ዛሬውኑ ያቁሙ። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ፣ ያልተፈተሸ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለም ኢንስፔክተሩ ጂፕሰሙን ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ቀለም ከመቀባትዎ በፊት ኢንስፔክተሩን ይጥሩ።