ከገበቴ እስከ ማቅለጫ፦ ስለ ባህላዊ ወርቅ ግዢ ጥያቄና መልስ

ከሰብሳቢዎች፣ ከአምራች ማኅበራት፣ ከአንጥረኞችና ከገዢዎች የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። ከአንዱ በቀር ሁሉም በእጅ ስለሚመረት ወርቅ ስለሆኑ በአንድ ላይ እመልሳቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሕፃናት ይሠሩበታል፣ ሜርኩሪ አለበት ይባላል። ከባህላዊ አምራቾች መግዛቱን ጨርሶ መተው አይሻልም ወይ?

አይሻልም። ሕጋዊው ገዢ ሲሸሽ ቁፋሮው አይቆምም፤ ወርቁ በኮንትሮባንድ ይወጣል፣ ቆፋሪውም ምክርም ቁጥጥርም ከማይደርስበት ይቀራል። የዓለም ገበያ የሚመራበት የኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) መመሪያም በጅምላ ሽሹ አይልም። የግዳጅ ሥራ፣ አስከፊ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ፣ ማሰቃየት፣ ጾታዊ ጥቃት ወይም ለታጣቂ ቡድን ድጋፍ መሰጠቱ ከተደረሰበት ግዢው ወዲያው ይቆማል። ጉቦ፣ የሐሰት የምንጭ ማስረጃና ያልተከፈለ ግብር ሲገኝ ግን ከአቅራቢው ጋር ጊዜ የተቆረጠለት ማሻሻያ ይያዛል፤ ለውጥ ካልታየ ነው ግንኙነቱ የሚቋረጠው። ሜርኩሪንም የማየው እንደዚህኛው ነው፤ በመሣሪያና በሥልጠና ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ አሶሳ አካባቢ ወርቅ እሰበስባለሁ። ምን ምን ልመዝግብ?

ቀኑን፣ የቁፋሮውን ቦታ፣ የቆፋሪውን ወይም የማኅበሩን የፈቃድ ቁጥር፣ እንደመጣ የመዘነውን፣ ከቀለጠ በኋላ የመዘነውን፣ ጥራቱን በመቶኛ፣ የከፈሉትን ብር፣ የሁለታችሁንም ፊርማ። መዝገቡ ቢያንስ 5 ዓመት ይቀመጥ።

ከሁሉ በላይ ግን አይቀላቅሉ። የሁለት ቦታ ወርቅ አንድ ማቅለጫ ከገባ በኋላ ምንጩን የሚለይ ርካሽ ምርመራ የለም። ሒሳቡንም ያመሳክሩ፦ ከአንድ ቦታ 250 ግራም ገብቶ ጥራቱ 90 በመቶ ከሆነ ንጹሕ ወርቁ 225 ግራም ነው። በዚያ ቦታ ስም የሚያስረክቡት ከዚህ ከበለጠ ሌላ ወርቅ ገብቶበታል። የደለል ወርቅ ያለ ውሃ አይታጠብም፤ ስለዚህ በበጋ ወንዙ ደርቆ ሳለ ከዚያው ቦታ የሚመጣው ግራም እንደ ክረምቱ ከሆነ «ከየት መጣ?» ብለው መጠየቅ አለብዎት።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን ሪቶርት (ወርቁን ለመያዝ የገባውን ሜርኩሪ በእሳት ለይቶ መልሶ የሚሰበስብ ዝግ ዕቃ) ራሱ ማሠራት ይችላል? የት ላይ ይበላሻል?

ይችላል፤ ጎበዝ በያጅ ይሠራዋል። ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ የብረት ጽዋ፣ ከክዳኑ ወጥቶ ወደ ታች የሚወርድ የብረት ቱቦ፣ ቱቦውን የሚያቀዘቅዝ እርጥብ ጨርቅ፣ ከሥሩ ውሃ ያለበት መቀበያ ዕቃ ይበቃል። ሜርኩሪ በ357 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተኖ ቱቦው ውስጥ ይቀዘቅዝና ተመልሶ ይንጠባጠባል። ወርቅ የሚቀልጠው በ1,064 ዲግሪ ስለሆነ ጽዋው ውስጥ ይቀራል። በጨርቅ የተጨመቀው የወርቅና የሜርኩሪ ድብልቅ እንኳ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ነው፤ ሜዳ ላይ ሲቃጠል አብዛኛው ወደ አየር ይወጣል፣ አጠገቡ ያለውም ሰው ይተነፍሰዋል።

ሦስት ቦታ ላይ ይበላሻል። መጀመሪያ ብረቱ፦ ዚንክ የተቀባ ቧንቧ፣ መዳብ፣ ናስና አሉሚኒየም ከሜርኩሪ ጋር ስለሚዋሐዱ አይሆኑም፤ ተራ ብረት ብቻ። ሁለተኛ የቱቦው ጫፍ፦ ውሃ ውስጥ ከተነከረ እሳቱ ሲበርድ ጽዋው ውሃውን ወደ ላይ ይስባል፣ ውሃውም የጋለ ብረት ላይ ሲደርስ በእንፋሎት ይፈነዳል። ጫፉ ከውሃው ጥቂት ከፍ ብሎ እርጥብ ጨርቅ ይጠቅለልበት። ሦስተኛ መቸኮል፦ መንጠባጠቡ ሲቆም ጥቂት ጨምሩበት፣ ቱቦውን መታ መታ አድርጉ፣ ጽዋውን በደንብ ሳይበርድ አትክፈቱ። የክዳኑን ዙሪያ በአመድና በሸክላ ጭቃ ድፈኑ። ሥራው ከቤት ርቆ ይሁን፤ ሕፃናትና እርጉዞች አጠገቡ አይድረሱ።

ጥያቄ፦ ከሪቶርት የወጣ ወርቅ ስለሚጠቁር ደላላው ዋጋ ይቀንስብናል።

ጥቁረቱ ላይ ላዩን ነው፤ ከቦራክስ (ቆሻሻውን አቅልጦ ከወርቁ የሚለይ ነጭ ጨው) ጋር ሲቀልጥ ይለቃል። ዋጋው ከቀለጠ በኋላ ይቆረጥ። ቆፋሪው ሪቶርት የሚጠላበት አንዱ ምክንያት ይህ ስለሆነ፣ ገዢው ይህን ካስተካከለ ብዙ ነገር ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ያለ ሜርኩሪ በቦራክስ ብቻ ይሆናል?

ይሆናል፤ በፊሊፒንስ ቤንጌት ክፍለ ሀገር ያሉ ቆፋሪዎች ለዓመታት የሠሩበት ነው። አሠራሩ ግን ያለ ጥንቃቄ አይሳካም። አፈሩ በገበቴ ደጋግሞ ታጥቦ ወርቁ በዓይን በግልጽ እስኪታይ መጥራት አለበት። ጥቁሩ አሸዋ ደርቆ በማግኔት ይወገድ፤ ብረት ከበዛ ዝቃጩ እንደ ሙጫ ይወፍርና ወርቁን ፍሬ ፍሬ አድርጎ ይይዘዋል። ከዚያ ለአንድ እጅ የተጣራ አፈር አንድ እጅ ቦራክስ፣ ካልቀጠነ ተጨማሪ ቦራክስ። ቦራክሱ አሸዋውን በዝቅተኛ ሙቀት ያቀልጠዋል እንጂ የወርቁን መቅለጫ አይቀንስም፤ ስለዚህ ከሰሉ ወናፍ ወይም የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሻኪሶ ከተማ ውስጥ ወርቅ አቀልጣለሁ። የሚመጣልኝ የተቃጠለ ስለሆነ እኔን ሜርኩሪ አይመለከተኝም፣ አይደል?

ይመለከትዎታል። ሜዳ ላይ የተቃጠለው ስፖንጅ የመሰለ ወርቅ ውስጡ ገና ሜርኩሪ አለበት፤ ማቅለጫዎ ላይ ሲግል የሚወጣው ሱቅዎ ውስጥና ጎረቤት ላይ ነው። ማራገቢያው ጭሱን ወደ መንገድ ከነፋው ችግሩ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተፈታም። ጭሱን የሚስብ ኮፈን፣ ከኮፈኑ በኋላ ጭሱ የሚቀዘቅዝበትና ሜርኩሪው የሚጠራቀምበት ክፍል ያስፈልጋል። ሜርኩሪን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ይወገዱ ካላቸው አሠራሮች አንዱ በመኖሪያ መንደር ማቃጠል ነው። ሌሎቹ ያልተጣራ ማዕድንን በሙሉ በሜርኩሪ ማሸት፣ ድብልቁን ሜዳ ላይ ማቃጠልና ሜርኩሪ የነካውን ተረፈ አፈር ሜርኩሪው ሳይወጣለት በሳያናይድ (ወርቅን በሚያሟሟ መርዝ) ማጠብ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጉጂ ውስጥ ካለው የቀንጢቻ ማዕድን ማውጫ የሚገኘው ታንታለምም (ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚውል ብረት) እንዲህ ዓይነት የምንጭ ማስረጃ ይጠየቅበታል?

አዎ። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ቆርቆሮ፣ ታንታለም፣ ተንግስተንና ወርቅ በብዛት የሚያስገቡ ድርጅቶች የምንጩን አደጋ እንዲመረምሩ ያስገድዳል። የቀንጢቻው ማዕድን ዩራኒየም ስላለበት ከመጫኑ በፊት ጨረሩም ይለካ።

ጥያቄ፦ ዱባይ የገዛሁት ሀብል ላይ 875 የሚል ማኅተም አለ። ንጹሕ ምንጭ አለው ማለት ነው?

አይደለም። 875 ማለት 21 ካራት ነው፣ 916 ደግሞ 22፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ጥራት ብቻ ነው። ሻጩን የአጣሪውን ድርጅት ስምና የምንጩን ሰነድ ይጠይቁት። «ድጋሚ የቀለጠ ነው» ካለዎት ከየት ተሰብስቦ እንደቀለጠ ይጠይቁ፤ በኮንትሮባንድ የወጣ አዲስ ወርቅ አንዴ ጌጥ ተደርጎ ከተሠራ በአሮጌ ስም ማለፉ ቀላል ነው።