«የስፒን መዝናናት» ይባላል እንዴ?

ጥያቄ፦ ስለ ማግኔታዊ ሴሚኮንዳክተር ናኖስትራክቸሮች (በናኖሜትር ስለሚለኩ ጥቃቅን መዋቅሮች) የተጻፈ ነገር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ስፒንን (ኤሌክትሮንን እንደ ትንሽ ማግኔት አቅጣጫ እንዲኖረው የሚያደርገውን ባህሪ) «ሽክርክሪት»፣ ስፒን ሪላክሴሽንን «የስፒን መዝናናት»፣ ስፒን ትራንስፖርትን ደግሞ «ስፒን ማጓጓዝ» ብያቸዋለሁ። ያስኬዳል?

መልስ፦ መዝናናቱን ዛሬውኑ ቢቀይሩት ደስ ይለኛል። መዝናናት የሰው ነው፣ እዚህ ጋ የሚወራው ግን የኤሌክትሮኖቹን ስፒን ወደ አንድ አቅጣጫ ካሰለፍነው በኋላ ያ አሰላለፍ በራሱ እየላላ እየላላ ሄዶ ወደ ሚዛኑ ስለመመለሱ ነው። ለዚህ ደሞ አማርኛ «ረገበ» የሚል ቆንጆ ቃል አለው እኮ፣ የተወጠረ ገመድ ይረግባል፣ ንዴትም ይረግባል። ስለዚህ የስፒን መርገብ፣ ጊዜው የመርገቢያ ጊዜ።

ግን እዚሁ ላይ አንድ ሌላ ጊዜ አለና እንዳይቀላቀልብዎት። ማግኔቲክ ፊልድ ውስጥ የስፒኖቹ አቅጣጫ ይዞራል፣ መጀመሪያ እኩል ይዞራሉ፣ ከዛ አንዱ ትንሽ ይፈጥናል ሌላው ይዘገያል፣ እያንዳንዱ ስፒን እንዳለ ቢሆንም የጋራ እርምጃቸው ይጠፋል። ይሄ መርገብ አይደለም፣ አለመናበብ ነው። ኳስ ላይ «ተከላካዮቹ አልተናበቡም» እንደምንለው ማለት ነው፣ ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ አሉ፣ አብሮ መንቀሳቀሱ ነው የጠፋው። ይሄን አብሮ መሄድ በእንግሊዝኛ ኮሄረንስ ይሉታል፣ እኔ «መናበብ» ነው የምለው። ጋሊየም አርሰናይድ የሚባለው ሴሚኮንዳክተር ውስጥ በከፍተኛ ቅዝቃዜ ስፒኖች ከ100 ናኖሰከንድ በላይ ተናበው እንደሚቆዩ እ.ኤ.አ. በ1998 ታትሟል፣ ይሄን ቁጥር የመርገቢያ ጊዜ ብለው ቢተረጉሙት አንባቢው ሌላ ነገር ነው የሚረዳው።

ሽክርክሪትን በተመለከተ ስፒን ብለው ይተዉት ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1925 ፊዚሲስቶቹ ኡሌንቤክና ጉድስሚት ሀሳቡን ሲያመጡት በርግጥ ኤሌክትሮኑ እንደ ኳስ በራሱ ዙሪያ ሲሽከረከር ነበር የታያቸው፣ ሌላው ፊዚሲስት ሎሬንትዝ ግን ሲያሰላው የኳሱ ገጽ ከብርሃን በላይ መፍጠን ሊኖርበት ሆነ፣ ስለዚህ ምስሉ አልቆመም፣ የቀረው ስሙ ብቻ ነው። ከዛ በላይ ደሞ ቃሉን እዚህ ከጨረሱት ቅድም ያልኩት አቅጣጫው ፊልዱን የሚዞረው ነገር ሲመጣ ምን ሊሉ ነው? «ሽክርክሪቱ ተሽከረከረ»?

ማጓጓዝ አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ አይደለም። «አጓጓዘ» ሲሉ አጓጓዥ ይፈልጋል። በሙከራ ኤሌክትሪክ ፊልድ ስፒኖቹን እየጎተተ ከ100 ማይክሮሜትር በላይ ወስዷቸዋል፣ እዛ ላይ ማጓጓዝ ትክክል ነው። ማንጋኒዝ ከተጨመረበት ማግኔታዊ ሴሚኮንዳክተር የተሰለፈ ስፒን ወጥቶ ወደ ጎረቤቱ ንብርብር ማንም ሳይጎትተው፣ ብዙ ካለበት ወደ ትንሽ ወዳለበት ሲሰራጭ ግን አጓጓዥ የለውም፣ «የስፒን ስርጭት» ይበሉት። ሁለቱንም የሚይዝ ርዕስ ከፈለጉ «የስፒን ጉዞ» ይበቃል፣ ጉዞ ተጎትቶም ይኬዳል በራስም ይኬዳል።