መልስ፦ የተንደርቦልቱ መብራቶች የት ሄዱ?

ወንድሜ፣ «ይሄ የፎርድ ፌርሌን መኪና ሁለት የፊት መብራት የጎደለው ተሰርቆ ነው?» ላልከው፣ ኧረ አልተሰረቀም! እ.ኤ.አ. በ1964 ፎርድ ለሩብ ማይል ቀጥታ ውድድር ያሠራው ተንደርቦልት ነው። የውስጠኞቹን ሁለት መብራቶች ሆን ብለው አውጥተው ወንፊት ገጠሙበት። ከወንፊቱ ኋላ ወፋፍራም ቱቦዎች አሉ፤ ቀዝቃዛውን አየር በቀጥታ አየርና ቤንዚን ወደሚቀላቅሉት ካርቡሬተሮች ይወስዳሉ። ሞተሩ 427 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 7 ሊትር ነው። ወረቀቱ 425 የፈረስ ጉልበት ይላል፤ እኔ እንኳ አሳንሰው የጻፉት ይመስለኛል። ኮፈኑና የፊት ፓራፋንጎው ፋይበርግላስ ናቸው። ሬዲዮ የለ፣ ማሞቂያ የለ። ባትሪው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው። የተሠሩት 100 ብቻ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ 11 ወይን ጠጅ፣ የቀሩት ነጭ ነበሩ። ተወዳዳሪው ሾፌር ጋዝ ሮንዳ በዚያው ዓመት የሱፐር ስቶክ (ከፋብሪካ መኪኖች የተሠሩ መኪኖች የሚፎካከሩበት የቀጥታ ውድድር ምድብ) ሻምፒዮን የሆነው በዚህ መኪና ነው።