የኔ ፀጉር የቱ ነው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሁለት ዓመት በየሳምንቱ ፔስትራ ስሠራ ቆይቼ ተውኩት። አሁን ሥሩ ተጠቅልሎ ጫፉ ሉጫ ሆኖ ቀረ። የራሴ ፀጉር የትኛው ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የኔ እናት፣ ያንቺው ሥሩ ነው። ጫፉን እሳት ገድሎታል፤ ቅቤም አይመልሰው። ትንሽ ትንሽ እያልሽ አስቆርጪው። እኔ በአንዴ ተላጭቼ ገበያ ብወጣ "ማን ሞተብሽ?" ያላለኝ የለም!

ዓይነቱን ለማወቅ ታጠቢና ምንም ሳትቀቢ ይድረቅ። ከሥሩ አንዲት ዘለላ ያዢ። ጣት የሚያህል ጥቅል ከሠራች፣ በፀጉር ዓይነት አከፋፈል ቁጥር 3 ይሏታል። እንደ እስክሪብቶ ሞላ ከጠበበች፣ ወይም ዚግዛግ ከሆነች፣ 4 ናት፤ የኛው ከርዳዳ። መሀል አናትና ማጅራት ቢለያዩብሽ አይግረምሽ።

ከርዳዳ ከሆነ ጠላቱ ድርቀት ነው። የራስሽ ወዝ በጥምዝምዙ ላይ እስከ ጫፍ አይወርድም። ስለዚህ ደረቁን አታበጥሪ። አርጥቢ፣ ኮንዲሽነር ቀቢ፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር ውጪ። ቅቤ ከወደድሽ ማታ፣ ጥቂት፣ እርጥቡ ላይ። በሚያዝያ ፀሐይ ተቀብተሽ ጣና ዳር ብትወጪ አንገትሽ ላይ ነው የሚወርደው። ስትተኚ ሳቲን ሻሽ እሰሪ፤ የጥጥ ትራስ ልብስ ወዙን ይመጥጥብሻል።