«የመግባት ዕድሌ ስንት በመቶ ነው?» ለምትሉኝ

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የክፍል ውጤቷን፣ የኤስ ኤ ቲ (የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና) ነጥቧንና የስምንት ስመ ጥር የአሜሪካ ኮሌጆችን ዝርዝር በስልክ ልካልኝ «መምህር፣ የመግባት ዕድሌ ስንት በመቶ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ስለ ቤተሰቧ ገቢ አንድም ቃል አልጻፈችም። ይህን ሳይ አንድ የድሮ ተማሪዬ ትዝ አለኝ። ለእሷ የጀመርኩት መልስም ለሁላችሁ ሆነ።

ጊዜው 2000 ዓ.ም. ነው። እዚሁ ሐዋሳ ሒሳብ አስተምር ነበር። እንግሊዝኛው ይሻላል ስለተባልኩ ወደ ውጭ ለሚያመለክቱ ልጆች የድጋፍ ደብዳቤ መጻፉም የእኔው ሥራ ሆኖ ነበር። ልጁ ከታቦር ተራራ ግርጌ ከሚኖሩ ቤተሰቦች ነው፤ አባቱ የመጋዘን ሠራተኛ፣ እናቱ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ። አንድን ጥያቄ በሁለት መንገድ ሠርቶ «የትኛው ያምራል?» እያለ የሚያደክመኝ ዓይነት ተማሪ ነበር። የኤስ ኤ ቲ ፈተና ለመውሰድ አዲስ አበባ መሄድ ስለነበረበት አባቱ የዕቁብ ዳኛውን ለምነው ዕጣቸውን ቀድመው ወሰዱለት። ማመልከቻውን የሞላነው እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ባለ የኢንተርኔት ቤት ነው፤ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ።

ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ የፖስታ ሣጥን መጣ። ተቀብለውታል! ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈሩ ደረሰና እናቲቱን ጎረቤት በእልልታ ተቀበላቸው፤ ቡና ተፈላ፣ በግ ካልታረደ ተባለ። ከፖስታው ውስጥ ሁለተኛውን ወረቀት አውጥቼ ያነበብኩት በዚያ ግርግር መካከል ነው። ኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ሊሰጠው እንዳልቻለ በጨዋ አንደበት ይገልጻል። የዓመቱ ወጪ ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። አንድ ዶላር በዚያን ጊዜ ከ9 ብር በላይ ይመነዘር ስለነበር ከ360 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው፤ ያውም ለአንድ ዓመት።

አባትየውን ወደ ጎን ወስጄ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። እናቲቱ ግን ሰምተው ኖሮ መጡና «መምህር፣ ቤቱን ብንሸጠውስ?» አሉኝ። እዚያው ፖስታው ጀርባ ላይ አሰላሁላቸው፤ የጭቃ ቤታቸው ከነግቢው ቢሸጥ የመጀመሪያውን ዓመት ግማሽ አይሞላም። «እሱ ብቻ ይድረስ እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። እንደማይሆን ማስረዳት ነበረብኝ። የተማሪ ቪዛ የሚጠየቅበትን አይ-20 የተባለውን ቅጽ ኮሌጁ የሚሰጠው ቢያንስ ለመጀመሪያው ዓመት የሚበቃ ገንዘብ መኖሩ በማስረጃ ሲታይ ነው። ይህን ሁሉ ስንነጋገር ልጁ ለእንግዶቹ ቡና ያድል ነበር።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ እልልታ ነው። እናቲቱ እልል ላለላቸው ሰው ሁሉ በየተራ ማስረዳት ነበረባቸው፤ ልጁም ወራት ሙሉ «መቼ ነው የምትሄደው?» ሲባል ከረመ። በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ዛሬ የውኃ መሐንዲስ ነው። በየበዓሉ ይደውልልኛል፤ ስለዚያ ደብዳቤ ግን አንስቶ አያውቅም።

ዕድልን በመቶኛ መጠየቁ የሚመጣው በነጥብ ስላደግን ይመስለኛል። በእኔ ዘመን ማትሪክ ነበር፤ ነጥቡን ያመጣ ገባ፣ ያላመጣ ቀረ። የእናንተም ከዚያ አይርቅም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። መራራ ቢሆንም እያንዳንዱ የት እንደቆመ ያውቅ ነበር። የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ፈተናም ያው የነጥብ ነገር ነው። እነዚያ የአሜሪካ ኮሌጆች ግን ሙሉ ነጥብ ያለውንም ይመልሳሉ። ሃርቫርድ ከ100 አመልካቾች የሚቀበለው 4 ያህሉን ነው። ኤም አይ ቲ በተባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የውጭ አገር አመልካቾች ብቻ ሲቆጠሩ ወደ 2 ይወርዳል። በመቶኛ አትጠይቁኝ ልል ተነስቼ እኔው በመቶኛ ገባሁበት!

አንዳንዶቻችሁ ስምንት ቦታ ካመለከትኩ አራት በመቶው ተደምሮ ሠላሳ ሁለት ይሆናል ትላላችሁ። ሒሳብ አስተማሪ ፊት ይህ አይባልም። ስምንቱም የሚያነቡት ያንኑ የማመልከቻ ማህደር ነው፤ አንዱን ያሳሰበው የገንዘብ ጥያቄ ሰባቱንም ያሳስባቸዋል። አብዛኞቹ ኮሌጆች የውጭ አገር ተማሪ ድጋፍ መጠየቁን ሲወስኑ ከግምት ያስገባሉና።

ስለዚህ ዝርዝራችሁን ከመጻፋችሁ በፊት ቤተሰባችሁ በዓመት ስንት ሊከፍል እንደሚችል ጠይቁ። አባትን ስለ ደመወዙ መጠየቅ በእኛ ባህል እንደ ድፍረት እንደሚቆጠር አውቃለሁ፤ ጠይቁ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት የውጭ አገር አመልካችንም ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ የተቀበሉትንም የጎደለውን ይሞሉለታል። እ.ኤ.አ. በ2022 ዳርትማውዝና ቦውዶይን ይህንኑ መንገድ ያዙ። ችግሩ፣ ድሀ የማይፈሩት እነዚህ በሮች ከሁሉ የጠበቡት መሆናቸው ነው። ኬንታኪ ያለውን ቤሪያ ኮሌጅ የመሰለ፣ ከማንም ተማሪው የትምህርት ክፍያ የማይጠይቅ ቤት ግን ከእናንተ ዝርዝር ውስጥ አይቼ አላውቅም። ስሙ ለፌስቡክ አይመችም መሰለኝ።

ድርሰቱን በጥንቃቄ ጻፉ የሚለውን ማንም ይነግራችኋል። ብቻ አሁን አሁን ማሽን እየጻፈላችሁ ነው መሰለኝ፣ የማነበው ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ይመስላል። እዚህ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሲራገፍ እያየ ያደገ ልጅ ስለ «ዓለም አቀፍ አመራር» ይጽፍልኛል። የእኔ ተማሪ የጻፈው እናቱ የጤፍ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የእንጀራውን ዋጋ እንዴት እንደሚያሰሉ ነበር። ኮሌጁን ያሳመነው ያ ይመስለኛል፤ ምንም እንኳ መጨረሻው እንደነገርኳችሁ ቢሆንም።

ከዚያ ሁሉ እሱን ያዳነው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን አለመተዉ ነው። የመደበኛው ማመልከቻ ውሳኔ በመጋቢት ይደርሳችኋል፤ ብሔራዊ ፈተናው ደግሞ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እምቢታ ከመጣ ለመማረሪያ አንድ ሳምንት ይበቃችኋል፤ ከዚያ ወደ ፊዚክስ ደብተራችሁ ተመለሱ።