ትራስሚሽኑ በሙሉ ይቀየር ከመባሉ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ከመተማ ሰሊጥ ጭነህ ስትመለስ አይሱዙህ 60 ሲሞላ ከወንበርህ ሥር ይንቀጠቀጣል። ማርሽ ስታስገባ ደግሞ «ቋ» ይላል። መካኒኩ ትራስሚሽኑ (ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ ጎማዎች ጉልበት የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ) በሙሉ ይቀየር ብሎሃል። ጎንደር፣ አዘዞ ላይ ብዙ አይሱዙ ሥር ተኝቼ ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርህ። ገንዘቡን ገና አታውጣ።

መጀመሪያ ንዝረቱ ከየት እንደሚመጣ ለይ። ሜዳ መንገድ ላይ 60 ሲሞላ ዜሮ ማርሽ አድርገው። ቁልቁለት ላይ ግን እንዳትሞክረው! የሞተሩ ድምፅ ወርዶም ንዝረቱ ከቀጠለ ሞተሩ ነፃ ነው። መሪው ላይ የሚሰማህ ከሆነ የፊት ጎማዎቹን አሳይ። ወንበሩና ወለሉ ላይ ከሆነ ትራስሚሽኑን ጠርጥር። ከቆመበት ሲነሳ ብቻ የሚንገጫገጭ ከሆነ ደግሞ ዘንጉን መሃል ላይ የሚይዘው ኩሽኔታ ጎማ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ሥር ግባና ክሮቸራውን እይ፤ የዘንጉ መገጣጠሚያ ላይ ያለው፣ አራት ጫፎቹ ቆብ የለበሱ መስቀል ነው። በቆቦቹ ዙሪያ እንደ በርበሬ ቀላ ያለ የዝገት ዱቄት ካየህ ግሪሱ አልቋል፣ ውስጡም ተበልቷል። ዘንጉን በእጅህ ወዲያና ወዲህ ጠምዝዘው። መስቀሉ ሹካው (መስቀሉን የሚይዘው ባለ ሁለት ጣት ብረት) ውስጥ ላልቶ ከተንቀሳቀሰ «ቋ» የሚለው እሱ ነው። ከመተማ ቆላ እስከ ጎንደር ያለውን ዳገት ሙሉ ጭነት ይዞ በከባድ ማርሽ ሲወጣ ያ ሁሉ ጉልበት የሚያልፈው በዚህች ትንሽ መስቀል ነው። አቧራው ሲጨመርበት፣ ግሪስ ካላገኘች አትቆይም።

አሁን በጣም ጠንቀቅ የምትልበት ነገር። የዚህ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ኋላ ያለውን ከበሮ ነው። ትራስሚሽኑ ሲፈታ የእጅ ፍሬንም ማርሽም መኪናውን አይይዙትም። ጎንደር ደግሞ ሜዳ እንደልብ የሚገኝበት ከተማ አይደለም። ጭነቱን አራግፍ፣ ደልደል ያለ ቦታ አቁም፣ ለጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግ። ከዚያ በኋላ ነው ቁልፍ የሚነሳው።

ከመፍታትህ በፊት ምልክት አድርግ። ፍላንጁ (በብሎን የሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት) ከፍላንጁ የተገናኘበት፣ የዘንጉ ጥርስ ገብቶ የሚወጣበት፣ ሁሉም ላይ በቀለም መስመር ይሰመር። ጥርሱ አንድ ቦታ ዘሎ ከገባ የፊትና የኋላ ሹካዎች አይስማሙም። አዲስ ክሮቸራ ገብቶም መኪናው ይንቀጠቀጣል። ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል! ብዙ ሰው ትራስሚሽኑን በሙሉ የሚገዛው እዚህ ላይ ነው።

ቆቦቹ በሞርሳ (በዕቃ መቆንጠጫ) እና በቡሶላ (በክብ የብሎን መፍቻ) ተጭነው ይውጡ እንጂ የዘንጉ ቱቦ በመዶሻ አይመታ። ትንሽ ከተሰረጎደ ሚዛኑ ይበላሻል። ቱቦው ላይ የተበየዱትን ትንንሽ ብረቶችም ማንም እንዳይነካ፤ የሚዛን ብረቶች ናቸው። አዲሱ ሲገባ በቆቡ ውስጥ ያሉት መርፌዎች (ቀጫጭን የኩሽኔታ ብረቶች) በግሪስ ተጣብቀው ቀጥ ብለው ይቁሙ። መያዣ ቀለበቱ ቦታው ላይ አልገባ ካለ አንዷ መርፌ ወድቃለች ማለት ነው። በጉልበት ሳይሆን አውጥቶ እንደገና ነው። ሲያልቅ መስቀሉ በእጅ መዞር አለበት፣ መንቀጥቀጥ ግን የለበትም።

አንድ ነገር በግድ ራስህ ተገኝተህ እይ። ቆቡ በሞርሳ ሳይጫን፣ በጣት ግፊት ብቻ ሹካው ውስጥ ከገባ የሹካው ቀዳዳ ሰፍቷል። ቆርቆሮ ቆርጠን እናጥብቀው የሚልህን እሺ አትበል። እሱ መንገድ ላይ ይፈታል። ዘንጉ ደግሞ ሥር ወድቆ አስፋልት ሲመታ ምን እንደሚሆን ለአንተ አይነገርህም። ሹካው ያኔ ይቀየር። ሙሉ ትራስሚሽን መግዛት ትርጉም የሚኖረው ቱቦው ከተጣመመ ወይም ጥርሱ ከተበላ ነው።

ብሎኑንም ከየትም አታምጣ። ራሱ ላይ ጥንካሬውን የሚያሳይ፣ እንደ 10.9 ወይም 8.8 ያለ ቁጥር ይኖራል፤ የነበረውን ቁጥር ጠብቀህ ግዛ። ግሪስ ስታስገባ በአራቱም ቆቦች በኩል እስኪወጣ ድረስ ግፋ፤ በሦስቱ ወጥቶ በአንዱ ካልወጣ ያ ቆብ ደርቆ ነው የሚሄደው። ከመጀመሪያው የመተማ ምልልስ በኋላ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በቁልፍ ፈትሽ። አሁን ግን ሥር ገብተህ ያንን ቀይ ዱቄት ፈልግና ያየኸውን እዚሁ ጻፍልኝ።