12 ሜትር ብረት ወደ አንኮበር? መጀመሪያ ብየዳውን ፈልገው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ለተማራችሁበት ትምህርት ቤት የባንዲራ ምሰሶ መርካቶ አሠርታችኋል። ርዝመቱ 12 ሜትር ነው። አሁን ወደ አንኮበር በርካሽ የሚወስድላችሁ መኪና ጠፍቷል። ደላላው የጠራው ዋጋ የምሰሶውን ዋጋ ሊያክል ምንም አልቀረው። "አንድ ወጥ ስለሆነ መቁረጥ አንፈልግም፣ ምን ትመክሩናላችሁ?" ብለሃል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሆዴን ባር ባር አለው። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ እኔም እዚሁ ጣጣ ውስጥ ነበርኩ። የኛ ምሰሶ የሚሄደው ከደብረ ሲና ወጣ ብላ ወዳለች መንደር ነበር እንጂ ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ብረቱም፣ ደላላውም፣ የኮሚቴው ገንዘብ ማለቁም። ቀይ ጨርቅ አንጠልጥል፣ በደንብ እሰር የሚለውን ሌሎቹ ጽፈውልሃል። እኔ የከፈልኩበትን ብቻ ልንገርህ።

1. ምሰሶህ አንድ ወጥ አይደለም። ይቅርታ፣ ግን አይደለም። የውሃ ፓይፕ ገበያ ላይ የሚሸጠው በ6 ሜትር ነው። 12 ሜትር ያደረገልህ በያጁ ነው። ሂድና መሐሉን በእጅህ ዳብሰው። ቀለም ተቀብቶ ይሆናል እንጂ ብየዳው እዚያ አለ። የኛ ከታች ባለ 4 ኢንች፣ ከላይ ባለ 3 ኢንች ነበር። ቀጭኑ ወፍራሙ ውስጥ 50 ሳንቲ ሜትር ገብቶ፣ ክፍተቱ በላሜራ ቀለበት ተሞልቶ የተበየደ ነው። ለዚህ ነው 11 ሜትር ተኩል የሆነው። ያንተም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እዚያችው ላይ አስቆርጠው። ከዚያ በብየዳ ሳይሆን በብሎን እንዲገጠም አድርግ። ቀጭኑ እንደገና ወፍራሙ ውስጥ ይገባል፣ አራት ቦታ ይበሳል፣ ብሎንና ዳዶ ይገባበታል፣ አለቀ። እዚያው መርካቶ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ደግሞ ዚንክ የተቀባ ፓይፕ ሲበየድ ዚንኩ ተቃጥሎ ይሄዳል። ዝገት የሚጀምረውም እዚያ ነው። ጭሱም ለበያጁ ሳንባ ደግ አይደለም። "ስንት የተከፈለበትን እንዴት እንቆርጣለን?" እንደምትል አውቃለሁ። እኔም እሱን ብዬ ነው።

2. ክብደቱን አትፍራ፣ ርዝመቱን ፍራ። ሁለቱ ፓይፕ ተደምሮ 120 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ኩንታል ተኩል እንኳ አይሞላም። አራት ሰው ያነሳዋል። ግን 12 ሜትር ሲሆን ሙሉ መኪና ትከራያለህ፣ ምክንያቱም ሌላ ሰው ጭነቱን ካንተ ጋር መጫን አይፈልግም። 6 ሜትር ሲሆን ሌላ ጭነት ላይ ይደረባል። አገር አቋራጭ አውቶቡስ እንኳ ፖርቶመጋላው ላይ ይወስድልሃል፣ ከረዳቱ ጋር ከተስማማህ።

ደላላውን ተወው። እህል በረንዳ ሂድ። ከኛ አገር ገብስና ጤፍ ጭኖ መጥቶ ያራገፈ አይሱዙ ታገኛለህ። ባዶውን ከሚመለስ ስኳርም ሲሚንቶም ይዞ ቢመለስ ደስ ይለዋል፣ ያንተን ሁለት ብረት ጎን ላይ ማሰር ምኑም አይደለም። እኔ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። አሁን ለመንደሩ ሰው ሁሉ ቆርቆሮ የምልክ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ደላላ ይዤ አላውቅም።

3. ወረቀት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው፣ ታገሰኝ።

ረጅም ብረት ጭነህ ስትሄድ "የማን ነው?" መባልህ አይቀርም። የመብራትና የታወር ብረት ስለሚሰረቅ ቢጠይቁ አልፈርድባቸውም። እኔም ይህን አስቤ ለመስቀል በዓል አገር ቤት በገባሁበት የድጋፍ ደብዳቤ ልጠይቅ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ተባልኩ። በማግሥቱም ስብሰባ ናቸው። በሦስተኛው ቀን መዝገብ ቤት ያለው ልጅ ቀና ሳይል "ባንዲራ ለመስቀል ደብዳቤ ምን ያደርጋል? ብረት ነጋዴ ነህ እንዴ?" አለኝ። አባቱ ልሆን እችላለሁ! እዚያው ትምህርት ቤት በባዶ እግሬ ተምሬ፣ ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ሠርቼ፣ ከኪሴ አውጥቼ ለመጣሁት ሰውዬ። ዝም አልኩ። ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ ወጣልኝ። ማህተም አለው፣ ቲተር አለው። ደስ ብሎኝ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ታዲያ በጉዞው ቀን አንድ ኬላ ላይ ፖሊሱ ገልጦ ሲያየው ቁጥርም ቀንም የለውም። "ይሄ ደብዳቤ መቼ ተጻፈ?" ሲለኝ ምን ልበል? አንድ ሰዓት ቆምን። ያስለቀቀኝ ምን መሰለህ? ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ የረሳሁትን የፓይፕ መግዣ ደረሰኝ አነሳና ሰጠው። ፖሊሱ አየው፣ ብረቱን አየ፣ "ሂዱ" አለ። ለሦስት ቀን ደጅ የጠናሁለት ወረቀት ዋጋው ይኸው ነው። አንተ ደረሰኙን በትምህርት ቤቱ ስም አስጽፈህ ያዝ። ደብዳቤ ካወጣህም ከመዝገብ ቤቱ በር ሳትወጣ ቁጥርና ቀኑን እይ።

4. አራተኛው ስለ አጫጫን ነበር፣ ግን ከታሪኩ ተለይቶ አይገባህም። ስለዚህ ልተርክልህ።

መስከረም 30 ረቡዕ ነው። የሰንደቅ ዓላማ ቀን የጥቅምት የመጀመሪያ ሰኞ ላይ ይከበራል፣ በዚያ ዓመት ጥቅምት 5 ነበር። ለዚያ ቀን ይደርሳል ብዬ ለርዕሰ መምህሩ ቃል ገብቻለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ብረቱን አነሳን። እኛው በትከሻችን ጫንነው፣ ጫኝና አውራጆች መጥተው 600 ብር ተቀበሉ። ለምን? "ሰፈሩ የኛ ነው" አሉ። እሺ።

አይሱዙው አጭር ነው። ካሶኒው ላይ አይበቃም። ስለዚህ ብረቱ ከጋቢናው በላይ አልፎ ከፊት አንድ ሜትር ወጣ። ከኋላ ደግሞ ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ተንጠለጠለ። ጋቢናው ከኋላው በር ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ጭራው ወደ መሬት ያዘነብላል። ቀጭኑን ጫፍ ደግሞ ወደ ኋላ አደረግነው። ይህ ሁሉ ስህተት ነው። የእህቴ ልጅ ሲቪል መሐንዲስ ነው፣ ኋላ ወረቀት ላይ ሠርቶ አሳየኝ። ረጅም ብረት ብዙ ሳይጎብጥ የሚተኛው ከሁለቱም ጫፍ የርዝመቱን አንድ አምስተኛ ያህል ገባ ብሎ ሲደገፍ ነው። ለ12 ሜትር ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። "ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?" አልኩት። "መቼ ጠየቅኸኝ?" አለኝ። እውነቱን ነው።

ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ ድረስ ደህና ነበር። መንገዱ ጎድጎድ ባለበት ሁሉ ጭራው አስፋልቱን ቸር እያደረገ ይነካል። ረዳቱ ወርዶ ገመዱን አጠበቀው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ነፋሱ ብረቱን ያፏጨው ጀመር፣ ልክ እንደ ዋሽንት። ሹፌሩ ሻይ እንጠጣ አለ። እኔ እንቢ አልኩ፣ እንቸኩል አልኩ። እዚያ ቁጭ ብለን ገመዱን እንደገና ብናይ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

ጣርማ በር ጉም ውስጥ ነበር። ፊት ለፊት አሥር ሜትር አይታይም። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ ቀስ ብለን አለፍን። ዋሻው አልጎዳንም፣ ቀጥ ያለ ነው። የጎዳን ከዋሻው በታች ያለው ጠመዝማዛ ነው። መኪና በደንብ ሲታጠፍ ከኋላ የተንጠለጠለው ጭራ በተቃራኒው ወገን እንደሚወረወር ታውቃለህ? እኔ አላውቅም ነበር። መኪናው ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ጭራው ወደ ቀኝ ይጠርጋል። አንዱ ኩርባ ላይ ተሳቢ ከታች መጣ። ሹፌሩ ቦታ ሊሰጠው ትንሽ ወደ ኋላ አለ። ረዳቱ "በቃ! በቃ!" እያለ ነው፣ በጉሙ ውስጥ ድምፁ ከየት እንደሆነ እንኳ አይለይም። ከዚያ ጓ! የሚል ድምፅ ሰማን። ጭራው የመንገዱን ግንብ አገኘው።

ወርጄ አየሁት። ብየዳው ላይ ተሰንጥቆ ጎብጧል። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሹፌሩ "ጋሼ፣ ቀድሞውኑ ቢቆረጥ ኖሮ..." ሲለኝ ልጣላው ምንም አልቀረኝም። ልክ ስለሆነ ነው የተናደድኩት።

ደብረ ሲና ገባን። በያጅ አገኘን፣ መብራት ግን የለም። ሐሙስም የለም። ሹፌሩ የማቆያ 1,500 ብር ጠየቀኝ። አልፈርድበትም፣ እሱም የሰው መኪና ነው የሚነዳው። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ቆሎ እየቆረጠምኩ የመብራቱን አምፑል ሳይ ዋልኩ። የደብረ ሲና ቆሎ ጥሩ ነው ይላሉ፣ እኔ እስከ ዛሬ አይወርድልኝም። ዓርብ ጠዋት መብራት መጣ። በያጁ የተጎዳውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ጣለው። ይኸው፣ እምቢ ያልኩት መቁረጥ ተቆረጠ፣ ያውም 70 ሳንቲ ሜትር ቀንሶ። በዚህ ጊዜ ብሎን አስገባበት አልኩት። ሦስት ጊዜ አስበሳሁት፣ እስኪገጥም። ለዚህ 2,200 ብር ከፈልኩ።

ሒሳቡን ልንገርህ። ምሰሶው 9,000 ብር ነበር። አይሱዙው 7,500፣ ጫኝና አውራጅ 600፣ ማቆያ 1,500፣ ጥገና 2,200። ድምሩ 11,800 ብር። ከብረቱ ዋጋ በላይ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብር ብር አልሆነም፣ ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ንጽጽሩን ያዝ። ለኮሚቴው የማቆያውንና የጥገናውን አላስመዘገብኩም፣ ከራሴ ነው የከፈልኩት። ይህን እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መኪና መንደሩ ድረስ አይገባም። ቅዳሜ ጠዋት ሰዎቹ ሳንጠራቸው መጥተው ጠበቁን። ሁለቱን ቁራጭ ለየብቻ ቃሬዛ እንደሚሸከም ሰው ትከሻቸው ላይ አድርገው እየተቀባበሉ ሽቅብ ወጡት። ሴቶቹ ከኋላ ጠላ ይዘው። አንድ ሽማግሌ "ይህን ያህል ብቻ ነው እንዴ?" አሉኝ፣ እንደ ማፌዝ እያደረጋቸው። ለአንድ ሰዓት መንገድ አንድ ብር አልተከፈለም። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሮ ነበር። መሬት ላይ በብሎን ገጠምነው፣ ከዚያ በባላ እየደገፉ በገመድ እየሳቡ አቆሙት። ኮንክሪቱ ስላልደረቀ በሦስት ገመድ ወጥረን አሳደርነው። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ተሰልፈው ባንዲራው ሲወጣ እኔ ከኋላ ቆሜ ብሎኖቹን ነበር የማየው።

እስከ አሁን ቆሟል። መጋጠሚያው ላይ ልብ ብለህ ካየኸው ትንሽ ያዘነብላል። ማንም አላየውም፣ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። አሁን አንተም።

ስለ አንኮበር ደግሞ፣ ከደብረ ብርሃን ከታጠፍክ በኋላ ያለው ቁልቁለት ከኛው የሚሻል እንዳይመስልህ። ነገ ጠዋት በያጁ ጋ ሂድና ያንን ብየዳ ዳብሰው። የሁለቱን ፓይፕ ውፍረት ለክተህ ጻፍልኝ፣ የብሎኑን ቁጥር እኔ እነግርሃለሁ። ረቡዕና ዓርብ እህል በረንዳ አካባቢ ነኝ። የማውቀው የአንኮበር አይሱዙ አለ።